ለጥርስ ሲሉ አገር ማቋረጥ

በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር



ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጉዳይ ሲነሣ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም። ፈገግ ስትሉ ግን ጥርሳችሁ ይታያልና፣ ነገሩ የማይመለከተው ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንደሌለ ከወዲሁ እንረዳለን። ጉዳዩ የጥርስ ሕክምና ነው፤ ይልቁንም ሰው ጥርሱን ለመታከም ሲል ቀዬውን፣ አልፎም አገሩን ትቶ ስለ መጓዙ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አራት ነን። አንዱ ከደባርቅ፣ አንዱ ከጃናሞራ፣ ሁለታችን ከጎንደር ከተማ ነን። ከመካከላችን የጥርስ ሕክምና የሚማረው አንድ ብቻ ነው፤ የቀረነው የሕግ፣ የምጣኔ ሀብትና የእርሻ ተማሪዎች ስለሆንን፣ በሕክምናው በኩል ብንሳሳት መምህራኖቻችን እንዲያርሙን አስቀድመን እንለምናለን። ወደዚህ ጉዳይ የመራን መጽሐፍ አይደለም፤ ባለፈው የጥምቀት ሰሞን በአንድ ቤት ያገኘናቸው ሁለት እንግዶች ናቸው።

የመጀመሪያው እንግዳ የጃናሞራው ጓደኛችን አባት ናቸው። ጥርሳቸውን ያማቸው የጀመረው በሰኔ፣ ገበሬ በሬውን ጥሎ በማይሄድበት ወራት ነበር። ቅርንፉድ ያዙበት፤ በአረቄ ተጉመጠመጡ፤ ክረምቱም እንዲሁ አለፈ። በመስከረም ጉንጫቸው አበጠ፤ ፈረጠና የዳነ መሰለ። አጨዳና ውቂያ ደረሰ። በጥር ግን አንድ ዐይናቸው እስኪጨፈን ድረስ ፊታቸው ስላበጠ፣ ሁለት በግ ተሽጦ መንገድ ጀመሩ። ከቀያቸው እስከ መካነ ብርሃን በእግር፣ ከመካነ ብርሃን በጨነቅ በኩል የሰሜንን ብርድ እያቋረጡ በጭነት መኪና ደባርቅ፣ ከደባርቅም መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ ተጉዘው ጎንደር ገቡ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋና ሲከፈት መኖሩን ታውቃላችሁ፤ እሳቸውም ደባርቅ ላይ መኪና ሲጠብቁ አንድ ቀን አደሩ። በጠቅላላው መንገዱ ሦስት ቀን ወሰደ። መግሉ ከወጣና መድኃኒቱ ካገዳቸው በኋላ ጥርሱ የተነቀለው ግን በሩብ ሰዓት ነው። የነቀለላቸው ሐኪም ሥራውን በሚገባ ሠራ። በጨረሰም ጊዜ፦ «አባቴ፣ በሰኔ ቢመጡ ኖሮ ይህ ጥርስ ተሞልቶ ይኖር ነበር» አላቸው። እሳቸውም፦ «በሰኔ ብመጣማ ልጆቼ ምን ይበሉ ነበር?» ብለው መለሱ።

ሁለተኛዋ እንግዳ የከተማው ጓደኛችን አክስት ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ በአሜሪካ፣ በዋሺንግተን አካባቢ ኖረዋል፤ ሥራቸውም አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ለጥምቀት መጡ ቢባልም፣ ጎንደር ከመድረሳቸው በፊት አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሳምንት ከርመው ነበርና ምክንያቱን ብንጠይቃቸው አፋቸውን ከፍተው አሳዩን። ሁለት ጥርስ እስከ ሥሩ ታክሞ ሽፋን ተደርጎለታል፤ ሦስት ደግሞ ተሞልቷል። «እዚያ የተጠየቅሁት ገንዘብ ጥርሴንም፣ የአውሮፕላን ቲኬቴንም፣ ይህን የለበስሁትን ቀሚስም ችሎ ይተርፋል» አሉን።

ሁለቱ እንግዶች በአንድ ረከቦት ዙሪያ ተገናኙ። አክስታችን የአባታችንን ጋቢ የሸፈነው ጉንጭ አይተው፦ «ስንት ፈጀብዎ?» ሲሉ ጠየቁ። «ሁለት በግ፣ ሦስት ቀን፣ አንድ ጥርስ» አሏቸው። አክስታችን መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎም ዝም አሉ፤ በመጨረሻ፦ «አይ የእኛ ነገር! ለካ ሁለታችንም ለጥርስ ስንል አገር አቋርጠን ነው የመጣነው» አሉ።

ይህ ንግግር የተጠነሰሰው በዚያ ቡና ላይ ነው። ሁለቱም ለጥርስ ተጉዘዋል፤ ጉዟቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አክስታችን የተጓዙት በሚኖሩበት አገር ሐኪሙ ሞልቶ ሳለ ዋጋው ስለማይቀመስ ነው። አባታችን የተጓዙት ደግሞ ውድም ርካሽም ቢሆን የጥርስ ሐኪም በአጠገባቸው ስላልነበረ ነው። አክስታችን ጥርሳቸውን ይዘው ተመለሱ፤ አባታችን ጥርሳቸውን ትተው ተመለሱ። እንግዲህ ልናስረዳችሁ የምንፈልገው አንድ ነገር ይህ ነው፦ የሕክምና ዋጋ በሐኪሙ ቤት በሚከፈለው ብር ብቻ አይለካም፤ በመንገዱና በመዘግየቱም ይለካል። ለገበሬ ርካሽ ሕክምና ማለት ቅርብ ሕክምና ማለት ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ በሕክምና ምክንያት አገር ማቋረጥ ለከተማችን አዲስ ነገር አይደለም። ነገር ግን በጥንት ጊዜ አገር የሚያቋርጠው በሽተኛው ሳይሆን ሐኪሙ ነበር፤ በሽተኛው ንጉሥ ከሆነ ማለት ነው። ቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ የቆዳ ሕመም በያዛቸው ጊዜ፣ በካይሮ ይኖር የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ ተጠርቶ እ.ኤ.አ. በ1698 ከካይሮ ተነሣ፤ በረሃውን አቋርጦ በሰናር በኩል በ1699 ጎንደር ገባ፤ ንጉሡንም አከመ። ንጉሥ በአልጋው ላይ ሆኖ ሐኪሙን ከግብፅ ያስመጣል፤ ገበሬ ግን ሕመሙን ተሸክሞ ወደ ሐኪሙ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ አልፏል። ንጉሥም፣ ቤተ መንግሥትም ታሪክ ሆነዋል፤ ገበሬው ግን አሁንም በመንገድ ላይ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ለምንስ ከአካል ሁሉ ተለይቶ ጥርስ ብዙ መንገድ ያስኬዳል? እኛ እንዳገኘነው፣ ዋናው ምክንያት በየአገሩ የሕክምና ወጪ ሲሰላ አፍ ከአካል ተነጥሎ መቆጠሩ ነው። ጥርስ መንቀል ለብዙ ዘመን የፀጉር ቆራጭ ሥራ ነበረ። በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1840 በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ ሲከፈት፣ ከሕክምና ትምህርት ቤት ተለይቶ ለብቻው ተከፈተ። የብሪታንያ መንግሥት በ1948 ለሕዝቡ ሁሉ ነጻ ሕክምና ባወጀ ጊዜ ጥርስም አብሮ ነበር፤ ነገር ግን ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚፈልገው ሕዝብ ከታሰበው በላይ ስለ በዛ፣ በ1951 ሰው ሠራሽ ጥርስና መነጽር እንዲከፈልባቸው ተወሰነ። ሕክምናውን ያቋቋመው ሚኒስትር አኑሪን ቤቫንም በዚሁ ምክንያት ሥልጣኑን ለቀቀ። አሜሪካ በ1965 ለአረጋውያን የሕክምና መድን ስታቋቁም የተለመደውን የጥርስ ሕክምና ከሕጉ ውጭ አደረገችው። አክስታችን የሚንከባከቧቸው ሽማግሌዎች ልባቸው ሲታመም የሚከፍልላቸው አላቸው፤ ጥርሳቸው ሲታመም ግን ብዙዎቹ ከኪሳቸው ይከፍላሉ።

ወደ እኛም አገር ስንመለስ ይኸው ነው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ በመድኑ የማይሸፈኑ ተብለው ከተለዩት ውስጥ ሁለቱን ልብ በሉልን፦ አንዱ ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምና ነው፤ ሌላው እንደ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው፣ ለመልክ ማሳመሪያ ተብሎ የተቆጠረው ሕክምና ነው። የመድኑን መጀመር አንነቅፍም፤ ብዙ ድሃ ቤት አድኗልና። ነገር ግን ቆሎ ማኘክ ያልቻለ ሰው ጥርስ የሚያስተክለው ለመልክ ነውን? ደግሞስ ጥርስ መንቀልና መሙላት በመድኑ ይገባል እንኳ ቢባል፣ በብዙው የገጠር ጤና ጣቢያችን ባለሙያውና ዕቃው ካልኖረ የመድን ደብተር ብቻውን ጥርስ አይሞላም።

ጥርስ እንዲህ ከሒሳብ ውጭ ስለሆነ ነው በዓለም ላይ የጥርስ መንገደኛ የበዛው። የኦስትሪያ ሰዎች ድንበር ተሻግረው በሃንጋሪ፣ በሾፕሮን ከተማና በአካባቢው ይታከማሉ። በአሜሪካና በሜክሲኮ ድንበር ላይ ሎስ አልጎዶኔስ የምትባል፣ ጥቂት ሺህ ሕዝብ ያላት ትንሽ ከተማ አለች፤ በውስጧ የጥርስ ሐኪም በመቶ ስለሚቆጠር የመንጋጋ ከተማ የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላታል። የአሜሪካ ጡረተኞች መኪናቸውን በድንበሩ ላይ አቁመው በእግራቸው ይሻገራሉ። የእኛም ወገኖች በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩት ለበዓል ወይም ለሠርግ ሲመጡ ጥርሳቸውን በአዲስ አበባ አሠርተው ይመለሳሉ።

በዚህ ላይ የብሩ ነገር ተጨመረ። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን በወሰነ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የምጣኔ ሀብት ተማሪው ጓደኛችን ይህን በሁለቱ እንግዶች ላይ አስልቶ አሳየን። በዶላር ለሚከፍሉት ለአክስታችን የአዲስ አበባ ጥርስ ረከሰላቸው። ነገር ግን መሙያው፣ ማደንዘዣው፣ መርፌው፣ ብዙው የጥርስ ሐኪም ዕቃ ከውጭ የሚገዛ ስለሆነ፣ በበግ ለሚከፍሉት ለአባታችን ያው ጥርስ ተወደደባቸው። አንዱ ውሳኔ ለአንዷ በር ሲከፍት በሌላው ላይ ዘጋ። አክስታችንን የምንወቅስበት ምክንያት የለም፤ እሳቸውም ደክመው ባገኙት ገንዘብ ነው የታከሙት። የምንለው በሩ የተዘጋበትንም ሰው እናስበው ነው።

አሁን ደግሞ ጥርስ እንዴት እንደሚበላሽ በአጭሩ እንናገር፤ ይህን ሳያውቁ መድኃኒቱን ማወቅ አይቻልምና። በአያቶቻችን ዘመን ጥርስን የሚበላው ትል ነው ይባል ነበር። ትሉ ግን የለም። በአፋችን ውስጥ በዐይን የማይታዩ ተሐዋስያን አሉ፤ እነዚህ ከምንበላው ስኳር አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ቀዳዳው በሽፋኑ ላይ ሳለ ሕመም የለውም። ወደ ውስጠኛው ክፍል ሲዘልቅ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ሲነካው ይጠዘጥዛል። ነርቭና ደም ሥር ወዳለበት ሲደርስ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል። ከዚያ ነርቩ ይሞትና ሕመሙ ይተዋል፤ ሰውየውም «ዳንሁ» ይላል። ይህ ከሁሉ የከፋው ሐሰተኛ ደኅንነት ነው፤ ምክንያቱም መግሉ በሥሩ በኩል ወደ አጥንቱ እየሄደ ነው። የአባታችን የመስከረም ዕረፍት ይህ ነበር። እብጠቱ ወደ አንገት ወርዶ ትንፋሽ የሚዘጋበት ጊዜም ስላለ፣ ጥርስ አይገድልም የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ በአፍና በጥርስ በሽታ የተያዘው ሕዝብ ወደ 3.5 ቢሊዮን እንደሚጠጋ፣ ከአራቱ ሦስቱም ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሚኖሩ ገልጿል። እንግዲህ የአባታችን በሽታ የጃናሞራ በሽታ ብቻ አይደለም፤ ከዓለም በሽታዎች ሁሉ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ነው።

ነገር ግን ተስፋ የሚሰጥም ነገር አለ፤ እርሱም ከሩቅ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛንያ፣ መብራት በሌለበት ገጠር ጥርስ የሚሞላበት ዘዴ ተጀመረ። መቦርቦሪያ ሞተር አያስፈልገውም፤ ብዙ ጊዜ መርፌም አያስፈልገውም። የሠለጠነ ሰው በእጅ መሣሪያ የበሰበሰውን ክፍል ፍቆ ያወጣና ግላስ አዮኖመር በሚባል፣ በራሱ በሚጠነክር መሙያ ይሞላዋል። በሽተኛው በተራ ጠረጴዛ ላይ ቢተኛ ይበቃል። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ይህን መሙያ፣ የጥርስ መበስበስን የሚያቆመውን ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድና ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባቸው። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ በአንድ የጀርባ ቦርሳ ተይዞ በበቅሎ ጀርባ ሊሄድ የሚችል ነው። በሰኔ በመካነ ብርሃን እንዲህ ያለ ቦርሳ የያዘ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ሁለቱ በጎች እስከ ዛሬ በጋጣቸው ነበሩ።

ሰው ቅርብ ሐኪም ሲያጣ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ቅርብ ወዳለው ይሄዳል። በደጋው አገራችን ቅርብና ርካሽ የሆነው ወጌሻው ወይም ጉጠት የያዘው ጥርስ አውላቂ ነው። ከዚህም የባሰ አለ፦ ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «የወተት ጥርስ ነው» ተብሎ፣ ገና ያልበቀለ ጥርሱ ከድዱ ውስጥ በስለት ተጎርጉሮ ይወጣል። ይህ ልማድ በጎንደርና በአካባቢው የታወቀ ነው። ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ደም ይፈሳል፤ በአንድ ስለት ብዙ ሕፃን ሲቆረጥ በሽታ ይተላለፋል፤ ቀጥሎ የሚበቅለውም ቋሚ ጥርስ ይበላሻል። የሕፃኑን ሕይወት የሚያድነው ግን ለተቅማጡ የሚሰጠው የተበጠበጠ ንጥረ ነገር ነበር። ከመካከላችን አንዱ እናቱን ስለዚሁ ነገር ሲጠይቃቸው፦ «ልጄ፣ ሐኪም ቤቱ የሁለት ቀን መንገድ፣ እሷ የጎረቤቴ ደጃፍ፤ አንተ ብትሆን ወዴት ትሄድ ነበር?» አሉት። እኛ የተማርን ነን የምንል ሰዎች እናቶቻችንን ከመውቀሳችን በፊት ለዚህ ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት ይገባናል።

በነገራችን ላይ፣ የአገራችን ሰው ስለ አፉ ግድ የለውም የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ከወይራና ከሌላም ዛፍ የሚቆረጠው መፋቂያ የጥርስ ብሩሽ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው። እናቶቻችን ድዳቸውን የሚነቀሱት ጥርሳቸው ነጭ ሆኖ እንዲታይ ነው። ግድ የሌለው ሕዝብ ይህን ሕመም ለውበት ብሎ አይችልም። የጠፋው ፈቃድ ሳይሆን ባለሙያ ነው። ይሁን እንጂ ከመፋቂያው ዘመን ወዲህ አንድ ነገር ተለውጧል፦ ስኳር በየመንገዱ ዳር ደርሷል። ደባርቅ ላይ ከረሜላ፣ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ የማይሸጥ ሱቅ የለም፤ የጥርስ ሐኪም ግን በየሱቁ አጠገብ የለም። ስኳሩ ወደ ደጋው ሲወጣ ሐኪሙ ከታች ቀረ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ እንዲህ አሉን፦ «እናንተ የምታዝኑበት ነገር ሀብት ነው። ከውጭ የሚመጣው ወገናችን ዶላር ይዞ ይመጣል። ጎንደር የፋሲል ግንብ፣ ጥምቀት፣ አውሮፕላን ማረፊያና ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናትና፣ ለምን እኛስ እንደ ሾፕሮን የጥርስ ከተማ አንሆንም?» ይህን ሐሳብ አንንቀውም። ጥሩ ገቢ ያለው ሐኪም ከአገሩ ለመውጣት አይቸኩልም፤ ዶላሩም ዕቃ ይገዛል። ነገር ግን የጥርስ ሐኪሙ ወንበር አንድ ነው፤ ጊዜውም ያው አንድ ቀን ነው። የሽፋን ሥራ ብዙ የሚያስከፍል፣ የልጅ ጥርስ መሙላት ጥቂት የሚያስከፍል ሆኖ ሳለ፣ ማንም ሳይወስን ወንበሩ በራሱ ጊዜ ወደ ሽፋኑ ያዘነብላል። ስለዚህ እንግዳው ይምጣ፤ ነገር ግን ከእንግዳው የሚገኘው ገንዘብ በከፊል የገጠሩን ቦርሳ እንዲሞላ አስቀድሞ ይደንገግ እንላለን። አለዚያ የጥርስ ከተማ ሆነን ጥርስ በሌለው አገር ተከበን እንቀራለን።

ለሚጓዙትም ቢሆን ምክር አለን፤ ከእያንዳንዳችን ቤት አንድ መንገደኛ አይጠፋምና። አክስታችን ወደ አሜሪካ ከተመለሱ በኋላ አንዱ ሽፋን ወለቀ፤ እዚያ ያለው ሐኪምም ሌላ ሰው የሠራውን አልነካም አለ። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባም ሆነ ወደ ባሕር ማዶ ለጥርስ የሚሄድ ሰው የራጅ ፎቶግራፉንና የተሠራለትን ሥራ በጽሑፍ ይያዝ። መሣሪያው በአውቶክሌቭ መቀቀሉን ሳያፍር ይጠይቅ፤ የጉበት በሽታ በደም ይተላለፋልና። የተተከለ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር እስኪያያዝ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ስለሚፈልግ፣ ሁሉን በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ የሚለውን ተስፋ አይመን። ሥራው ከተበላሸ ማን እንደሚያርመው አስቀድሞ ይነጋገር። እብጠትና ትኩሳት ያለበት ሰው ግን ርካሹን ፍለጋ መንገድ አይጀምር፤ ቅርብ ወዳለው ሐኪም ዛሬውኑ ይሂድ።

ክቡራን መምህራን፤ ውድ ጓደኞች፤

እስካሁን ስለ በሽተኞች ጉዞ ተናገርን። የቀረው አንድ ጉዞ ነው፤ እርሱም የእኛው ነው። የጥርስ ሕክምና ተማሪው ጓደኛችን አንድ ምሽት እንዲህ አለን፦ «እኔ ስመረቅ አዲስ አበባ መሥራት ነው የምመኘው፤ ከዚያም ዕድል ከተገኘ ውጭ። እውነቱን ብነግራችሁ ጃናሞራን አስቤው አላውቅም።» ዝም አልን፤ ምክንያቱም የሕግ ተማሪውም፣ የእርሻ ተማሪውም ያው ምኞት ነበረውና። በሽተኛው ከጃናሞራ ወደ ጎንደር ይጓዛል፤ ሐኪሙ ከጎንደር ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ማዶ ይጓዛል። ሁለቱ በአንድ መንገድ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሄዱ በጭራሽ አይገናኙም። የአባታችንን ጥርስ ያስነቀለው ትልም ስንፍናም አይደለም፤ ይህ አለመገናኘት ነው።

የዚህች ከተማ የጤና ትምህርት የተመሠረተው ግን በተቃራኒው ሐሳብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ 7 ሺህ ያህል ሰው ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1954፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። የተቋቋመውም በከተማ ተቀምጦ በሽተኛ የሚጠብቅ ሐኪም ለማውጣት አልነበረም፤ ወደ ገጠር የሚወጡ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ነበር። ተማሪዎችም በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እየወጡ ከሕዝብ ጋር ተቀምጠው መሥራትን ተማሩ። ያ ልማድ እስከ ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አልጠፋም። እንግዲህ የምንጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም፤ አባቶቻችን የጀመሩት ሥራ አፍን እንዳይዘል ነው።

ስለዚህ ለዚህ ስብሰባ አራት ሐሳብ እናቀርባለን።

አንደኛ፤ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ በሚወጡ ተማሪዎች ውስጥ የጥርስ ሕክምና ተማሪ በእያንዳንዱ ቡድን እንዲመደብ፣ የእጅ መሣሪያውና መሙያውም እንዲሰጠው ማኅበራችን መምህራንን ይለምን። የሰሜን ደጋ ወረዳዎችም፣ መንገድ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ ከዕቅዱ እንዳይወጡ።

ሁለተኛ፤ የሕግና የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች ተባብረው፣ የጥርስ መሙላትና መንቀል በጤና መድኑ በግልጽ እንዲካተት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስም ከማሳመሪያ ተቆጥሮ እንዳይቀር የሚጠይቅ ጽሑፍ ያዘጋጁ።

ሦስተኛ፤ እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደ ቤታችን ስንሄድ ሁለት ነገር ብቻ እናስተምር፦ የሕፃን ድድ እንዳይነካ፣ ጥርስም ገና ሲጠዘጥዝ እንጂ ሲያብጥ እንዳይጠበቅ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶች ቃል ለጥርስ የተነገረ ይመስላል።

አራተኛው ከባድ ነው፤ ድምፅም አንጠይቅበትም። ከተመረቅን በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሕዝባችን ወደሚመጣበት አቅጣጫ ተቃራኒ እንጓዝ። የጥርስ ተማሪው ጓደኛችን ይህን ዓረፍተ ነገር ስንጽፍ ብዙ ተከራከረን፤ ደመወዙ ስንት ነው፣ ቤቱ የት ነው፣ ዕቃ ከሌለ ባዶ እጄን ምን ልሠራ ነው እያለ ጠየቀ። ጥያቄው ሁሉ ትክክል ነው፤ መልስም የሚገባው ነው፤ ባዶ እጁን የተላከ ሐኪም የሚያጽናና ቃል እንጂ ጥርስ አይሞላምና። በመጨረሻ ግን ዓረፍተ ነገሩን አልሰረዘውም። እርሱ ካልሰረዘው እኛ ሦስታችን የምንሰርዝበት ምክንያት አጣን።

አባታችን ወደ ጃናሞራ ሲመለሱ ልጃቸው እስከ መናኸሪያ ሸኛቸው። ሲለያዩ፦ «የቀሩትንም ሁለት ጥርሶች አልፎ አልፎ ይነካኛል፤ እስከ መጪው ጥር ይቆዩኛል መሰለህ?» ብለው ጠየቁት። እርሱም መልስ አልነበረውም። ይህን ጥያቄ ለእርሱ ብቻ ልንተውለት ስላልፈለግን ነው ዛሬ ወደ እናንተ ያመጣነው።